ቆቦ ላይ ትጠፋለች፣ ሮቢት ላይ ትንቀራፈፋለች

ግንቦት ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ሮቢት ላይ፣ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠገንባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ስጠብቅ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። እሷ በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ መስኖ ላይ የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ ናት። እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚያወራ፣ ጸጉሩ የሸበተ ጠጋኝ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ንግግራቸውን ግን አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ቢሰማው ስለምወድ እንዳስታወስኩት አሰፈርኩት።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይቺን ማሽን እንዲያዩልኝ ነው። ዛሬ ካልዳነች እኔም መላው ጠፍቶኛል።

ጠጋኙ፦ ደኅና ዋልሽ ልጄ። አብሽሪ፣ ቁጭ በይ። ምኗን ነው ያመማት?

መሐንዲሷ፦ ትሞቃለች።

ጠጋኙ፦ እሱን ሁሉም ይላል። በኛ አገር ሰው አተኮሰኝ ብሎ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ወባም ሊሆን ይችላል፣ ታይፎይድም ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ስሙ አንድ ነው፣ በሽታው ብዙ። እስቲ መቼ፣ የት፣ ምን ስትሠሪባት እንደሆነ ከሥሩ ንገሪኝ። እስከዚያ አልከፍታትም።

መሐንዲሷ፦ እሺ። ቆቦ ቢሮ ስሠራባት ፋኗ ይጮሃል፤ ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ማታ እዚህ ሮቢት ቤቴ ስከፍታት ደግሞ አትጠፋም፣ ግን ትንቀራፈፋለች። አውቶካድ ላይ አንድ መስመር ስስብ ቡና ፈልቶ ይደርሳል። አንዱ የቆቦ ሙቀት ነው አለኝ። ሌላው አርጅታለች፣ ሸጠሽ ተገላገዪ አለኝ። አንድ ሱቅ ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስ 10 ጫነልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልምና ይመለሳል።

ጠጋኙ፦ የሚጨልመው ከፎርማቱ በፊትም ነበር?

መሐንዲሷ፦ (ቆም ብላ አሰበች) አልነበረም። በፊት መጥፋትና መንቀራፈፍ ብቻ ነበር።

ጠጋኙ፦ ይኸን ያዢልኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ልጠይቅሽ። ቆቦና ሮቢት አንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ቆቦ ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ እዚህም ያቃጥላል። ታዲያ ይቺው አንድ ማሽን እዚያ ስትሄድ የምትጠፋው፣ እዚህ ስትመጣ የማትጠፋው በምን ምክንያት ነው? አንቺ ቆቦ ስትሆኚና ሮቢት ስትሆኚ የሚለየው ነገር ምንድን ነው?

መሐንዲሷ፦ ምንም… ሥራው ያው ካርታ ነው። ጠረጴዛውም ያው ጠረጴዛ ነው። ቻርጀሩ ብቻ ነው የሚለየው። ትልቁ ከባድ ስለሆነ ቢሮ እተወዋለሁ፤ ለቤት ቀለል ያለ ሌላ ገዝቻለሁ።

ጠጋኙ፦ ሁለቱንም ይዘሻቸው መጥተሻል?

መሐንዲሷ፦ አዎ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።

ጠጋኙ፦ አምጪያቸው። ይኸው የትልቁን ጀርባ አንብቢው፤ 180 ዋት። ይኼኛው 90 ዋት። ማሽንሽ ዴል ፕሪሲሽን ኤም 4800 ናት። በፈረንጆቹ 2013 የወጣች፣ የከባድ ሥራ ላፕቶፕ። ውስጧ ያለው ኮር አይ 7 4800 ኤምኪው ፕሮሰሰር ብቻውን እስከ 47 ዋት ሙቀት እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ግራፊክስ ካርዷ ኳድሮ ኬ 2100 ኤም ደግሞ 55። አንቺ መሐንዲስ ነሽ፣ ደምሪው።

መሐንዲሷ፦ 102። ገና ስክሪኑ፣ ዲስኩ፣ የባትሪው ቻርጅ ሳይቆጠር።

ጠጋኙ፦ ከ90 ላይ 102 አይቀዳም። ማሽኗ ይኸን ታውቀዋለች። የቻርጀሩ ጫፍ መሐል ያለችውን ቀጭን መርፌ ታያለሽ? ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለማሽኗ የሚነገራት በሷ በኩል ነው። ትንሽ ቻርጀር ሲሰካባት፣ ወይም መርፌዋ ተሰብራ ማንነቱን መለየት ሲያቅታት፣ ራሷን ለማዳን ፕሮሰሰሩን ቀንሳ ታስኬደዋለች። መርፌዋ ከተሰበረች ባትሪም አትሞላም። ስትከፍቻት ስለ ቻርጀሩ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣችበት ጊዜ የለም?

መሐንዲሷ፦ ታወጣለች! ሁልጊዜ ኤፍ 1 ተጭኜ አልፈዋለሁ።

ጠጋኙ፦ ስትናገር አላዳመጥሻትም ማለት ነው። ሮቢት ላይ የምትንቀራፈፈው ተርባ ነው። ስለዚህም ነው የማትጠፋው፤ ቀስ ብላ ስለምትሠራ አትግልም። ቆቦ ላይ በ180ው ስትጠግብ በሙሉ ጉልበቷ ትሠራለች፣ ያኔ ሌላው በሽታዋ ይገለጣል። ፎርማቱ ደግሞ ሦስተኛ ጨመረበት። ሦስቱንም በአንድ ስም ሙቀት ትያቸዋለሽ።

እዚህ ላይ ጆሮዬን አቀናሁ። ብዙ ጊዜ በየሱቁ የማየው ከዚህ የተለየ ነው። ላፕቶፑ ከቦርሳ ሳይወጣ ፎርማት ይደረግ ይባላል። ይኸኛው ሰው ካቻቢቴውን ገና አልነካም።

መሐንዲሷ፦ ቆይ ጋሼ፣ ያኛው መጥፋት ግን የሙቀት መሆኑን በምን አወቁ? መብራቱ ዝቅ ከፍ ስለሚል ሊሆን አይችልም?

ጠጋኙ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ገና አላወቅሁም። እንለካ። (180ውን ሰካ፣ ማሽኗን ከፈተ፣ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍላሹ አስነሳ።) አንቺ ካርታሽን ክፈቺ፤ ከባዱን። እኔ ቁጥሩን አያለሁ። ሳትሠራ 71 ነበረች። አሁን 88… 94… 99። ተመልከቺ፣ ይኼ ፕሮሰሰር ከ100 ዲግሪ ማለፍ አይፈቀድለትም። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቆርጣል፤ ያም ካልበጀው ቦርዱ እንዳይቃጠል ማሽኗ ራሷን ታጠፋለች። ዝጊው፣ ዝጊው! እስክትጠፋ አንጠብቅም።

መሐንዲሷ፦ አዲስ አበባ ለሥልጠና ይዣት ሄጄ ግን ቀኑን ሙሉ ሠርቼባታለሁ። አንድ ቀን አልጠፋችም።

ጠጋኙ፦ የዚያ ክፍል ሙቀት ስንት ይሆናል?

መሐንዲሷ፦ 22 ቢሆን ነው።

ጠጋኙ፦ ይኼ ክፍል 34 ነው፣ ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትሩን እይው። ፋን ብርድ አያመጣም፤ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው። ማሽኗ ከክፍሉ አየር በላይ 64 ዲግሪ የምትሞቅ ከሆነ አዲስ አበባ 86 ትሆናለች፣ እዚህ 98። ማሽኗ አልተለወጠችም፤ 12ቱን ዲግሪ የጨመረው አገሩ ነው።

መሐንዲሷ፦ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እኛ 1,500 ገደማ ላይ ነን። አየሩ እዚህ ወፈር ስለሚል ፋኑን አያግዘውም?

ጠጋኙ፦ (መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ) ይኸን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያግዘዋል። ግን እርዳታው ትንሽ ነው፣ 12ቱን አይመልሰውም። ይልቅ እኔ የምለው፣ አዲስ አበባ ላይ 86 መድረሷም ደኅና አልነበረም። እዚያም ታማ ነበር፣ ብርዱ ሸፍኖላት ነው። አሁን እንክፈታት።

ማሽኗን አጠፋ፤ ባትሪዋን አወጣ፤ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን ገፋ አድርጎ አነሳው። ብሎኖቹን በወረቀት ላይ፣ ከነበሩበት ቦታ አንጻር ደረደራቸው። ውስጧ ሁለት ፋን አለ፤ አንዱ ለፕሮሰሰሩ፣ አንዱ ለግራፊክስ ካርዱ።

መሐንዲሷ፦ ንጹሕ ናትኮ! ባለፈው ወር ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር አስነፍቻታለሁ።

ጠጋኙ፦ በየት በኩል ነፉት?

መሐንዲሷ፦ በውጭ፣ አየር በሚወጣበት ቀዳዳ።

ጠጋኙ፦ ወይ ልጄ። እስቲ ፋኑን ላንሳውና ራስሽ እይው።

ፋኑ ሲነሳ፣ በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መካከል አንድ ግራጫ ነገር ታየ። የአንድ ጣት ስፋት ያለው፣ እንደ ባና የደደረ አቧራ። በወረንጦ ሲስበው ሳይበታተን እንዳለ ወጣ። መሐንዲሷ እጇ ላይ ተቀበለችው። ኅዳር ላይ የማሽላ አውድማ ሲነፋ የሚነሳው ብናኝ፣ የባጃጅ መንገዱ አፈር፣ የነጠላ ክር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነበር። የስንት ዓመት የራያ ቆላ አየር እንደሆነ እንጃ።

ጠጋኙ፦ አየር በፋኑ ገብቶ በክንፎቹ ይወጣል። አቧራው የሚቆመው ከፋኑ ወዲህ፣ ከክንፎቹ በስተውስጥ ነው። ጎሚስታው በውጭ ሲነፋ ላዩ ያለውን ብናኝ አስወጣ፤ ይኸን ድፍድፍ ግን ወደ ውስጥ ገፋው። ያውም የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ውኃና ዘይት ይተፋል፤ ፋኑንም ከልክ በላይ ያሽከረክረዋል። መንፋት ካለብሽ ከፍተሽ፣ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ይዘሽ፣ በቀስታ ነው። ለኔ ይቺ የቀለም ብሩሽ ትበቃኛለች።

መሐንዲሷ፦ ይኸ የኛው ታሪክ ነው ጋሼ። የጉድጓዱ ፓምፕ ውኃ ቀነሰ ይሉንና ሞተሩን ሊቀይሩ ሲነሱ ማጣሪያው ተደፍኖ እናገኘዋለን።

ጠጋኙ፦ ያው ነው። ጨርሶ ግን አልተጨረሰም። መዳቡን ላንሳው። ይኸን ነጭ ነገር በጥፍርሽ ንኪው።

መሐንዲሷ፦ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል።

ጠጋኙ፦ ቴርማል ፔስት ነበር። ፕሮሰሰሩና መዳቡ ለዓይን ልስልስ ቢመስሉም በመካከላቸው አየር የሚይዝ ጭረት አለ፤ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ፔስቱ ያን ጭረት ይሞላል። ሲደርቅ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል። ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል አርሼ አጸዳዋለሁ። የፋርማሲው 70 በመቶ ስለሆነ ውኃ አለበት፤ እስኪደርቅ መታገሥ ነው። አዲሱን የምስር ፍሬ ታህል መሐል ላይ ጠብ አደርጋለሁ። አብዝቶ መለቅለቅ አያቀዘቅዝም። የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ደርቆ ከቀድሞው ይብሳል። ብሎኖቹ ቁጥር አላቸው፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4። በቁጥራቸው፣ እየተፈራረቁ፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚጠብቁት። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው መዳቡን ያጋድለዋል።

መሐንዲሷ፦ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለችው ለስላሳ ሰማያዊ ነገርስ?

ጠጋኙ፦ እሷን አትንኪያት። በካርዱ ሜሞሪና በመዳቡ መካከል ያለውን ክፍተት የምትሞላ ፓድ ናት። አውጥቶ በፔስት የሚተካ ሰው አጋጥሞኛል፤ ፔስት ክፍተት አይሞላም። ካልተቀደደች ባለችበት ትቆይ።

ይኸ ሁሉ አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደ። በመካከሉ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ። ቡናም መጣ፤ ከአቦሉ እኔም ደረሰኝ።

መሐንዲሷ፦ ስክሪኑ መጨለሙስ? እሱም ከዚሁ ነው?

ጠጋኙ፦ አይመስለኝም፤ ከፎርማቱ በኋላ ጀመረ ብለሽኛል። መዝገቡ ይነግረናል። ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ ኢቨንት ቪውወር የሚባል ቦታ ይጽፋል። ይኸው ቁጥር 41፣ በየቀኑ። 41 ማለት ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው፤ ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ብዙ ሰው 41ን አይቶ ፓወር ተበላሸ ይላል፣ ተሳስቷል። አሁን 4101ን እይ። ስንት አለ?

መሐንዲሷ፦ ብዙ ነው። የመጀመሪያው… ፎርማት ያስደረግሁበት ቀን ማግስት።

ጠጋኙ፦ 4101 የስክሪን ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ ተመለሰ ማለት ነው። ዊንዶውስ ግራፊክስ ካርዱን ጠርቶ 2 ሰከንድ ይጠብቃል። መልስ ከጠፋ ድራይቨሩን ገፍትሮ እንደገና ያስነሳዋል። ያን ጊዜ ነው የሚጨልምብሽ። ሙቀትም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ግን ማሽኗ ሳትግልም ስለሚሆንና ከፎርማቱ በፊት እንዳልነበረ ስለነገርሽኝ የምጠረጥረው ድራይቨሩን ነው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ድራይቨር ስንል ሾፌር ማለታችን ነው እንዴ? ሁሌ ግራ ይገባኛል።

ጠጋኙ፦ እኔስ አስተርጓሚ ብለው ደስ ይለኛል። ቆቦ ገበያ ግመል ይዞ የመጣ አፋርና የራያ ገበሬ ሲገበያዩ መሐል የሚቆመውን ሰው አይተሻል? ሁለቱንም ቋንቋ ካላወቀ ገበያው ይፈርሳል። ድራይቨርም በዊንዶውስና በካርዱ መካከል የሚቆም ነው። ያንቺ ካርድ ኬፕለር ከሚባለው ትውልድ ነው፤ ቋንቋው የ2012 እ.ኤ.አ. ቋንቋ ነው። ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ አዲስ ድራይቨር ማውጣት አቁሟል። የደኅንነት ጥገናውም አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የመጡት አዳዲሶቹ ይኸን ካርድ አያውቁትም። ስለዚህ አዲሱን ፈልጊ የሚልሽን አትስሚ። ላንቺ የሚበጅሽ ካርድሽን የሚያውቀው ነው።

መሐንዲሷ፦ ሱቁ የጫነልኝ ሁሉን ድራይቨር በአንዴ የሚጭን ጥቅል ነበር።

ጠጋኙ፦ ገምቼ ነበር። ጥቅሉ ለማሽንሽ ቅርብ የመሰለውን ይጭናል። ያንቺ ደግሞ ሁለት ግራፊክስ አላት፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኢንቴል 4600 እና ኳድሮው። ሁለት አስተርጓሚ ማለት ነው፤ ካልተስማሙ ገበያው ይረበሻል። የትኛው የማን እንደሆነ እንዳይጠፋሽ ዲቫይስ ማኔጀር ገብተሽ የሃርድዌር መለያውን እይ። 8086 ካለ የኢንቴል ነው፤ 10ዲኢ ካለ የኤንቪዲያ ነው። ስም ባይጻፍ እንኳ ቁጥሩ አይዋሽም።

መሐንዲሷ፦ አሁን የሚጫነውን ከየት እናመጣለን? ኔትዎርኩን ያውቁታል።

ጠጋኙ፦ (ከመሳቢያው ቢጫ ቴፕ የተለጠፈበት ፍላሽ አወጣ) ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ለብዙ ወራት ሲዘጋ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ሰው ላፕቶፕ ያመጣል፣ የጎደለው አንዲት የዋይፋይ ድራይቨር ናት፣ እሷን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ የእህቴ ልጅ ፍላሽ ላይ እየጫነ በአውቶቡስ ይልክልኝ ነበር። አንዳንዱ ሳምንት ቆይቶ ይደርሳል። አንዳንዱ ደርሶ ሲከፈት የሌላ ሞዴል ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የጠገንኩትን ማሽን ሁሉ ድራይቨር ከነሞዴሉ አስቀምጣለሁ። ያንቺም አለ።

መሐንዲሷ፦ እኔም እኮ ከሷ የማልለየው ለዚህ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መብራቱም ባንኩም ስልኩም ለወራት ሲጠፋ፣ ከቤት ስወጣ ከዕቃ ሁሉ የያዝኩት እሷን ብቻ ነው። በጀርባዬ አዝያት ሄድኩ። የጉድጓዶቹ ጥልቀት፣ የውኃው ከፍታ፣ የማሳው ልኬት እሷ ውስጥ ነበር። ሰው አርጅታለች ሲለኝ ይከፋኛል።

ጠጋኙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ።

ጠጋኙ፦ መጀመሪያ ፋይልሽን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ገለበጥሽ? እሺ። ኢንተርኔቱን እናጥፋ፤ ካልጠፋ እኛ አንዱን ስናወጣ ዊንዶውስ ከጓሮ ሌላ ያስገባል። ሴፍ ሞድ ገብተን አሮጌውን ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም ከነሥሩ እንነቅላለን። ከዚያ በተራ፤ መጀመሪያ የቺፕሴቱ፣ ቀጥሎ የኢንቴሉ፣ በመጨረሻ የኤንቪዲያው። በእያንዳንዱ መካከል ሪስታርት። አንድ ነገር ቀይረሽ ካላየሽ፣ ሁለተኛውን ስትቀይሪ የትኛው እንደጠቀመሽ ወይም እንደጎዳሽ አታውቂም።

መሐንዲሷ፦ ባዮሱንስ እናድሰው?

ጠጋኙ፦ ዛሬ መብራት ስንት ጊዜ ሄደ?

መሐንዲሷ፦ ሁለት ጊዜ።

ጠጋኙ፦ ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢሄድና ባትሪው ባይችል ማሽኗ ዳግመኛ አትነሳም። ባትሪሽ ደግሞ ደካማ ነው። ለዚህ በሽታ ባዮስ አያስፈልግም፣ አንነካውም።

መሐንዲሷ፦ ዊንዶውስ 11 ብናደርግላትስ?

ጠጋኙ፦ ማይክሮሶፍት ለ11 የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ያንቺ አራተኛ ናት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ የማታውቂውን ፍላሽ አትሰኪባት፤ የባንክ ሥራሽን በሌላ አድርጊው። ለካርታ ግን ገና ዓመታት ታገለግላለች።

ክዳኑ ተገጠመ። ጠጋኙ ከሻይ ቤት ያመጣቸውን አራት የለስላሳ ቆርኪዎች ሁለት ሁለት አድርጎ ከኋላ እግሮቿ ሥር አስቀመጠ፤ አየር የምትስበው ከሆዷ ነውና። ያ ከባድ ካርታ እንደገና ተከፈተ። እኔም ስልኬን ረስቼ ቁጥሩን ቆሜ አየሁ። ሳትሠራ 53። ከአርባ ደቂቃ ሥራ በኋላ 85። ስክሪኑ አልጨለመም። ፋኗ ይሰማል፣ አይጮህም።

መሐንዲሷ፦ 14 ዲግሪ ወረደች!

ጠጋኙ፦ ሰኔ ሲብስ ደግሞ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 አውርጂው። አንድ ቁጥር ብቻ ናት፣ ግን ቱርቦውን ታጠፋለች። 3.7 ጊጋኸርዝ ድረስ መዝለሉ ይቀርና በ2.7 ላይ ይረጋል። ለመስመር ሥዕል ልዩነቱን ብዙም አታይውም፤ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። ከባዱን ስሌት ጧት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሥሪው። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አታስቀምጫት።

መሐንዲሷ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ሁሉንም ጻፈች። ቀኑን፣ የክፍሉን ሙቀት፣ 53ን፣ 85ን፣ ከሥሯ የተለጠፈውን ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለበት የሰርቪስ ታግ። ከዚያ ትንሹን ቻርጀር አነሳች።

መሐንዲሷ፦ ይኸን ልጣለው?

ጠጋኙ፦ ለምን? ደብዳቤ ለመጻፍ ይሆንሻል። ለቤትሽ ግን ወልድያ ስትሄጂ ያገለገለ ባለ 180 ፈልጊ። ከመግዛትሽ በፊት እዚያው ሰክተሽ፣ ስትነሳ ኤፍ 2 ተጭነሽ ባዮሱ ውስጥ ስንት ዋት ብሎ እንደሚያነበው እይ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኚ።

ከጠረጴዛው ላይ ቢጫውን ቴፕ ጠየቀችው። ቆርጣ ትንሹ ቻርጀር ላይ ለጠፈችና በእስክሪብቶ ጻፈችበት፦ «90፣ ለካርታ አይሆንም»።